ኮርን ስኔክ በምግብ ሰዓት ሲናከስ፦ ጥያቄና መልስ ከድሬና ከሐረር

መላሽ፦ ሰላም ቤተሰብ። ዛሬ ስለ ኮርን ስኔክ ብቻ ነው፣ ቤት ውስጥ በሳጥን ስለሚያዘው መርዝ አልባ እባብ፤ በተለይ ምግብ አካባቢ ስለሚናከሰው። ስትጠይቁ ሦስት ነገር ጻፉልኝ፦ መጨረሻ የበላው መቼ ነው? የሳጥኑ ሙቅና ቀዝቃዛ ጎን ስንት ስንት ዲግሪ ነው? ዓይኑ ደፍርሷል ወይስ ጥርት ያለ ነው? እነዚህ ከሌሉ የምሰጠው ግምት ነው። ሌላው፣ ከበላ በኋላ 48 ሰዓት አይነካም።

ከሳቢያን፦ ክዳኑን ስከፍት ተወርውሮ እጄን ይይዛል፣ ይጠመጠምበታል፣ አይለቅም። የበላው ከሰባት ቀን በፊት ነው፤ ሙቅ ጎን 30፣ ቀዝቃዛው 25፤ ዓይኑ ጥርት ያለ ነው። ጠልቶኝ ነው?

መላሽ፦ ጥያቄ እንዲህ ነው የሚጠየቀው። አልጠላህም፤ እጅህን አይጥ ብሎታል። ሁለቱን ንክሻ ለዩ፤ ካልለያችሁ የምትወስዱት እርምጃ ሁሉ ተቃራኒ ይሆናል። የፈራ እባብ አንገቱን አጣጥፎ ወደ ኋላ ይሰበሰባል፣ ጅራቱን ያርገበግባል፣ አንዳንዴ የሚገማ ፈሳሽ ይለቃል። ነክሶ ወዲያው ይለቅና ይሸሻል። የራበው ግን ወደ ፊት ነው የሚመጣው። ምላሱን ቶሎ ቶሎ እያወጣ እጅህን በዓይኑም በራሱም ይከተላል፤ ከያዘ ይጠመጠማል እንጂ አይለቅም። ያንተ ይኼኛው ነው። ክዳን በተከፈተ ቁጥር አይጥ ከመጣ፣ ክዳን ማለት ምግብ ነው ብሎ ለምዷል።

ይህን ልማድ ማፍረስ ይቻላል። ምግብ በሌለበት ቀን ክዳኑን ከፍተህ ውኃ ቀይርና ዝጋ፤ ሌላ ነገር አትሥራ። ልታወጣው ስትፈልግ መጀመሪያ በመንጠቆ ወይም በተጠቀለለ ጋዜጣ ገላውን መሃል ላይ ቀስ ብለህ ነካ አድርገው። አፍንጫው ላይ አይደለም። የምላሱ ፍጥነት ሲበርድና ራሱን ሲያዞር፣ ከጎን ገብተህ ከወገቡ በሁለት እጅ አንሳው። ከላይ የሚወርድ እጅ ለእሱ አሞራ ነው። በምግብ ቀን ደግሞ እጅ ጭራሽ አይገባም፤ አይጡ የሚቀርበው ቢያንስ 30 ሳንቲ ሜትር በሆነ መቆንጠጫ ነው። አይጥ የነካ እጅ በሳሙና ይታጠብ፤ ዶሮ ሲገነጥል የዋለ እጅም እንደዚያው።

ከመጋላ፦ ጋሼ፣ የኔ በጣም ቁጡ ነው። ምን ላድርግ?

መላሽ፦ ሦስቱን ጻፊ።

ከለገሀሬ፦ ነክሶ አልለቅ ካለስ?

መላሽ፦ አትጎትት። ጥርሶቹ ወደ ውስጥ የታጠፉ ናቸው፤ ከጎተትክ ቆዳህ ይቀደዳል፣ የእሱም ጥርስ ይሰበራል። ራሱ ላይ ቀዝቃዛ ውኃ አፍስስ። ካልሆነ በጥጥ ትንሽ አልኮል አፉ ጠርዝ ላይ አስነካ፣ ዓይኑ እንዳይገባ ተጠንቅቀህ። ሲለቅ በሳሙና ታጠብ። መርዝ የለውም፤ ሳልሞኔላ የሚባለው ሆድ የሚያሳምም ባክቴሪያ ግን ሊኖረው ስለሚችል እጅ ሳይታጠብ እንጀራ አይቆረስ።

ከሐረር፣ ሸንኮር፦ እንዲህ ከምትደክሙ በሌላ ባልዲ ውስጥ አብሉት። ያን ጊዜ ቤቱን ከምግብ ጋር አያያይዘውም።

ከሳቢያን፦ እኔም ይህንኑ ሰምቻለሁ። ልሞክረው?

ከከዚራ፦ አቦ ተው! የራበውን እባብ በእጅህ አንስተህ ልታዞር? ዋናው ንክሻ እኮ እዚያ ላይ ነው።

ከሐረር፣ ሸንኮር፦ ብዙ ሰው በባልዲ ያበላል፤ ምንም አልሆነም።

መላሽ፦ የከዚራው ልክ ነው። በባልዲ ስታበላ ሁለት ጊዜ ትነካዋለህ፦ አንዴ ርቦት፣ አንዴ ሆዱ ሞልቶ። ሁለተኛው ያስመልሰዋል። 48 ሰዓት ያልኩት ለዚህ ነው። ካስመለሰ ከ10 እስከ 14 ቀን ምንም አትስጡት፤ ከዚያ ከተለመደው ግማሽ የሚሆን አይጥ ስጡት። አሸዋ ወይም ሰጋቱራ እንዳይውጥ ፈርታችሁ ከሆነ፣ ሳጥኑ ውስጥ ጠፍጣፋ ሳህን አድርጋችሁ እዚያ ላይ አብሉት። ሁለት እባብ ባንድ ሳጥን ያላችሁ ደግሞ ባልዲውን ተዉትና ለዘለቄታው ለዩዋቸው።

ከሐረር፣ አቦከር፦ እኛ ጋ ጅብ እንኳ ሰው በአፉ ከያዘው እንጨት ሥጋ ይወስዳል። እባብ ለምን አይለምድም?

ከሐረር፣ ሸንኮር፦ ጅቡ ጠሪውን በድምፁ ያውቀዋላ!

መላሽ፦ ጅቡን ለሌላ ቀን። እባብ ምግብ የሚለየው በማሽተት፣ በሙቀትና በእንቅስቃሴ ነው፤ በስሙ ብትጠሩት አይመጣም።

ከከዚራ፦ ግንቦት ገባና ክፍሉ 35 ዲግሪ ይደርሳል። የሳጥኑ ሁለቱም ጎን 34 ነው። የበላው ከ12 ቀን በፊት ነው፤ ዓይኑ ጥርት ያለ ነው። ሰላማዊ የነበረው አሁን መስታወቱን ሲዞር ይውላል፣ ስቀርበው ይወረወራል።

መላሽ፦ ይህ የጠባይ ጉዳይ አይደለም፤ ሙቀት ነው። ኮርን ስኔክ የሚፈልገው ሙቅ ጎን ከ29 እስከ 31፣ ቀዝቃዛ ጎን ከ22 እስከ 25 ነው። ከአንዱ ወደ ሌላው እየሄደ ራሱን ያስተካክላል። ሁለቱም 34 ሲሆኑ መሄጃ የለውም፣ ስለዚህ ይዞራል፣ ይናከሳል፤ ከዚህ ካለፈ ሊሞት ይችላል። ማሞቂያውን ዛሬውኑ ንቀል። ሳጥኑን ከቆርቆሮው ሥር አውርደህ ወለል ላይ አድርግ። ውኃ በሃይላንድ አቀዝቅዘህ፣ በጨርቅ ጠቅልለህ በአንዱ ጎን ከውጭ አስደግፈው። መላ ገላው የሚገባበት ሰፊ የውኃ ሳህን ስጠው። ቬንትሌተሩ ክፍሉን ያናፍስ እንጂ በቀጥታ እሱ ላይ አይንፋ። ቀዝቃዛው ጎን ከ28 በታች ሳይወርድ አታብላው፣ አትንካውም።

የሐረሮች ችግር ተቃራኒው ነው። ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ነው፣ ሐረር ከ1,800 በላይ። ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊት መብራት ከጠፋ፣ የበላው አይጥ ሳይፈጭ ሆዱ ውስጥ ይበሰብስና ይተፋዋል። ሙቅ ውኃ በሃይላንድ ሞልታችሁ በፎጣ ጠቅልላችሁ አስጠጉለት፣ ሳጥኑን በብርድ ልብስ ሸፍኑት፣ አየር ማስገቢያውን ግን አትድፈኑ። ማሞቂያም ያለ ቴርሞስታት (ሙቀት መቆጣጠሪያ) አይሰካ፤ ሆዱን ያቃጥለዋል።

ከመጋላ፦ የበላው መቼ እንደሆነ አላስታውስም፣ ሙቀት አልለካሁም፤ ዓይኑ ግን ሰማያዊ ጭጋግ ነገር አለው።

መላሽ፦ ይኸው! ቆዳ ሊቀይር ነው፤ በደንብ ስለማያይ የቀረበውን ሁሉ ይነክሳል። ዓይኑ መልሶ ይጠራል፣ ከዚያ በጥቂት ቀናት ውስጥ ቆዳውን ይጥላል። እስከዚያ አታብዪው፣ አትንኪው። መደበቂያው ውስጥ እርጥብ ጨርቅ አድርጊ። ቴርሞሜትርም ግዢ።

ከለገሀሬ፦ ጥሬ የበሬ ሥጋ ይበላል? ወተትስ?

መላሽ፦ ሁለቱንም አይሆንም። ሙሉ አይጥ ከነአጥንቱ።

ከሳቢያን፦ ከጓሮ የተያዘ አይጥስ?

መላሽ፦ የአይጥ መርዝ የበላ ይሆናል፤ ጥገኛ ትልም ይይዛል። ከነሕይወቱ ደግሞ ፈጽሞ፤ አይጥ እባብ ይነክሳል። ለምግብ የተረባ፣ የቀዘቀዘ ይሁን፤ ውፍረቱ ከእባቡ ወገብ ጋር እኩል፣ ቢበዛ አንድ ተኩል እጥፍ። ሌሊቱን ፍሪጅ ውስጥ ይቅለጥ፣ ከዚያ በፌስታል ሆኖ 40 ዲግሪ ውኃ ውስጥ 20 ደቂቃ ያህል ይቆይ፤ ደርቆ፣ በራሱ በኩል ይቅረብ። ማይክሮዌቭ ያፈነዳዋል።

ከድሬ፣ አሸዋ፦ ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ቀይ እባብ አግኝተናል፣ ባልዲ ደፍተንበታል። ኮርን ስኔክ ነው አይደል?

መላሽ፦ አይደለም! ራቁ፣ ባልዲውን አትክፈቱ። ኮርን ስኔክ የደቡብ ምሥራቅ አሜሪካ እባብ ነው፤ በኛ ዱር አይገኝም። በቆላችን ግን መርዝ ወደ ዓይን የሚተፋ ቀይ ኮብራ አለ። ዓይን ከነካ ብዙ ንጹሕ ውኃ ቢያንስ 15 ደቂቃ እያፈሰሳችሁ እጠቡ፣ ቀጥታ ሆስፒታል። ከነከሰም አትብጡ፣ አትምጠጡ፣ በገመድ አትሰሩ፤ የተነከሰው እጅ ወይም እግር ሳይንቀሳቀስ ወደ ሆስፒታል። ልጆቹን መጀመሪያ አርቁ።

ከሐረር፣ አቦከር፦ መብራት ጠፍቶ ፍሪዘር ያሉት አይጦች ለሰለሱ። መልሼ ላቀዝቅዛቸው?

መላሽ፦ ጣላቸው።