የጀልባ ክዳን መቀርቀሪያ፦ መልኩን ሳይሆን ልኩን

ጥያቄ፦ ላንጋኖ የምናቆማት ትንሽ ባለሞተር ጀልባ አለችን፤ አካሏ ፋይበርግላስ ነው። የፊተኛው ዕቃ ማስቀመጫ ክዳን መቀርቀሪያ ተሰብሮ አሁን በገመድ ታስሯል። የተሰበረውን ይዤ መርካቶ ብዞር ያንኑ ክሮም ዕቃ አገኘሁ። ልግዛው ወይስ ሌላ ልፈልግ?
ጠያቂ፣ ከፒያሳ

መልስ፦ ይተዉት። እንዲህ ያለው ክሮም ዕቃ ውስጡ አብዛኛውን ጊዜ የዚንክ ቅይጥ ነው። የላንጋኖ ውሃ ደግሞ ሶዳማ ነው፤ ክሮሙ አንዴ ከተጫረ ዚንኩን ከሥር ይበላዋል፣ ላዩ እያብረቀረቀ ምላሱ (ክዳኑን የሚይዘው ጫፍ) ቅንጥስ ይላል።

ማግኔት ይዞ መሄድ እዚህ ላይ ብዙም አይረዳም፤ ዚንክንም ናስንም አይስብም። ይልቅ በጀርባው፣ የብሎን ቀዳዳው ጠርዝ ላይ ሞረድ ያስነኩት። ዚንክ በቀላሉ ይፋቃል፣ ግራጫ ነው፤ ናስ ቢጫ ያወጣል፤ ስቴንለስ (የማይዝግ ብረት) ግን ሞረዱን ያንሸራትታል። 316 የሚል የስቴንለስ ደረጃ ማህተም ካለው ጥሩ፣ 304ም ለሐይቅ ይበቃል።

ሰዎች የሚሳሳቱት ግን ልኩ ላይ ነው። የቀዳዳው ስፋት ብቻ አይበቃም፤ ከክዳኑ ላይኛ ገጽ እስከ ምላሱ መያዣ ከንፈር (ምላሱ ከሥሩ የሚገባበት የጀልባዋ ጠርዝ) ሥር ያለው ውፍረት ይለካ። በክዳኑ ዙሪያ ያለውን አሮጌ ጎማ አንስተው ትንሽ ሊጥ በፌስታል ጠቅልለው ከንፈሩ ላይ ያስቀምጡ፣ ክዳኑን እስከ ቦታው ይጫኑና የሊጡን ውፍረት በካሊፐር (ውፍረት መለኪያ) ይለኩ። ክዳኑ 12፣ ሊጡ 7፣ ከንፈሩ 4 ሚሊሜትር ቢሆን ድምሩ 23 ነው፤ ስለዚህ ከ20 እስከ 27 የሚስተካከል፣ ሲዞር ክዳኑን ወደ ታች የሚስብ መቀርቀሪያ ይምረጡ። ለ7 ሚሊሜትሩ ክፍተት 10 ሚሊሜትር ስፖንጅ ጎማ ይግዙ። ጠንካራ ጎማ ክዳኑን ያጎብጠዋል፤ የተኛውን አሮጌ ጎማ ቢተዉት ደግሞ ክዳኑ በማዕበል እየዘለለ አዲሱንም ምላስ ይቀጠቅጠዋል።

ክዳኑ ውስጥ እንጨት ካለ የብሎኑን ቀዳዳ በ8 ሚሊሜትር መሰርሰሪያ አስፍተው ኤፖክሲ (ሲደርቅ የሚጠነክር ሙጫ) ይሙሉት፣ በማግስቱ ለ4 ሚሊሜትር ብሎን ይብሱት። አለዚያ ውሃ ገብቶ እንጨቱ ይበሰብሳል። ከሥር ሰፊ ሮንዴላና ናይሎን ያለው ዳዶ ይጠቀሙ። ስቴንለስ ዳዶ በትራፓኖ አይጥበቅ፤ ጥርሱ ተነካክሶ ይቀራል። ጠብታ ዘይትና የእጅ ቁልፍ ይበቃል።

ሲጨርሱ ክዳኑን ወረቀት ላይ ይዝጉና ወረቀቱን ይሳቡ። መቀርቀሪያው አጠገብ ሳይያዝ ከወጣ ምላሱን ትንሽ ያጥብቁ። በማጠፊያው በኩል ብቻ የሚላላ ከሆነ ማጠፊያውን ይዩ እንጂ መቀርቀሪያውን አያስጨንቁት።