የሲጋር ቀለም ጉልበቱን አይነግርህም

ወንድሜ፣ የጻፍከውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የመጀመሪያው ሲጋር ራስህን አዙሮ አስተኛህ፣ ሁለተኛው ደግሞ «ወረቀት ወረቀት» አለህ። አሁን «ከእነ ማርኩ ንገሩኝ፣ ፈዛዛ ቀለም ያለውን ልግዛ ወይስ ወደድ ያለውን?» ነው ጥያቄህ፤ የኩባን ሲጋርም አንስተሃል። ዐሥራ ሁለት ዓመት ገደማ ሲጋር አጭሻለሁ። የማርክ ስም ጥዬልህ ብሄድ አይጠቅምህም፤ ከዚያ በፊት ማወቅ ያለብህ ነገር አለ።

እኔም እንዳንተ ነው የጀመርኩት። ሻጩ «ይሄ ለጀማሪ ነው» ብሎ የሰጠኝ የማር ቀለም ያለው፣ ወዝ ያለው ቆንጆ ሲጋር ነበር። ቀኑን ሙሉ እህል ሳልቀምስ ውዬ ማታ ለኮስኩት። እስከ ግማሹ ደስ እያለኝ ሄደ። ከዚያ መዳፌ ላበኝ፣ ግንባሬ ቀዘቀዘ፣ ምራቅ አፌን ሞላው፣ ልነሳ ስል ወለሉ ከዳኝ። ስኳር በውሃ በጥብጬ ጠጥቼ ጋደም አልኩ፤ የለቀቀኝ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ነው። ያ ሲጋር ውስጡ በሊጌሮ የታጨቀ እንደነበር የተረዳሁት ወራት ቆይቶ ነው።

ሊጌሮ ማለት ከትምባሆው ተክል አናት የሚቀጠፈው፣ ፀሐይ የጠገበ ወፍራም ቅጠል ነው። ኒኮቲኑም ዘይቱም እዚያ ይበዛል፤ ቀስ ብሎ ስለሚነድ ሲጠቀለል መሃል ላይ ይቀመጣል። ከግንዱ መሃል የሚመጣው ሴኮ ይባላል፣ መዓዛው በአብዛኛው የእሱ ነው። የታችኛው ቮላዶ ለዘብ ያለ ሲሆን ዋና ሥራው እሳቱ እንዳይጠፋ መርዳት ነው። እነዚህ ተደባልቀው ፊለር፣ ማለትም የሲጋሩ ሆድ ይሆናሉ፣ ባይንደር የሚባል ቅጠል አንድ ላይ ይይዛቸዋል፣ በመጨረሻ ራፐር የሚባለውን የላይኛውን ቅጠል ይለብሳል። ቀለሙን ስታይ እንግዲህ ልብሱን ነው ያየኸው። ከልብሱ ሥር ያለው ሰው ሌላ ሊሆን ይችላል።

ማዱሮ የሚባለውን ጥቁር ራፐር ብዙ ሰው የሚፈራው በከንቱ ነው። ማዱሮ በስፓኒሽ «የበሰለ» ማለት ነው። ቅጠሉ ረዘም ላለ ጊዜ፣ ከፍ ባለ ሙቀት ስለሚብላላ ይጠቁራል፤ ጣፋጭነትም ያወጣል። ካካዎ፣ ቡና፣ ዘቢብ የሚመስል ጣዕም የምታገኘው ከእሱ ነው። ጥቁር ሆኖ ለስላሳ የሆነ ሲጋር ሞልቷል። በጨርቅ ጥላ ሥር የሚበቅለው ኮኔቲከት ሼድ የሚባለው ራፐር ደግሞ ፈዛዛ ነው፣ ቅቤና ለውዝ ለውዝ ይላል። ነገር ግን ከሥሩ ጠንካራ የኒካራጓ ፊለር ከገባበት ፈዛዛነቱ አያድንህም።

ስለዚህ ሦስት ነገር ለይ። ጉልበት የምለው ኒኮቲኑ ሰውነትህ ላይ የሚያደርገውን ነው። ክብደት ጭሱ አፍህ ውስጥ ያለው ውፍረት ነው፤ ውሃና ወተት አፍ ላይ የሚለያዩትን ያህል ይለያያል። ጣዕም ደግሞ ራሱን የቻለ ነው። ጉልበቱ ትንሽ ሆኖ ጣዕሙ የሞላ ሲጋር አለ፤ ጉልበቱ አስደንጋጭ ሆኖ ከቁንዶ በርበሬ ሌላ ምንም የማይል ሲጋርም አለ። አንተን ያስተኛህ ጉልበት ነው። ሁለተኛው ላይ የጎደለው ጣዕም ነው። የሁለቱ መድኃኒት አንድ አይደለም።

«ወረቀት» ያልከው ደግሞ ምናልባት ቃል በቃል እውነት ነው። በማሽን የሚሠሩ ብዙ ሲጋሮች ውስጣቸው የተከታተፈ ቅጠል ነው፤ የአንዳንዶቹ ባይንደር የትምባሆ ዱቄት እንደ ወረቀት ተዳምጦ የሚሠራ ነው። አንተ የምትፈልገው በእጅ የተጠቀለለ፣ ፊለሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሙሉ ቅጠል የሆነ ነው፤ ሎንግ ፊለር ይሉታል። ይህን ሳትጠይቅ አትግዛ። የዚህን ጥራት ካለፍክ በኋላ ግን ዋጋው ስለ ምላስህ ብዙ አይነግርህም፤ የምትከፍለው ለቅጠሉ ዕድሜ፣ ለሣጥኑና ለስሙም ጭምር ነው።

አሁን ወደ ምርጫው። መጀመሪያ አቅምህን ለካ። ማካኑዶ ካፌ ኮኔቲከት ሼድ የለበሰ፣ በለዘብተኝነቱ የታወቀ ሲጋር ነው፤ በደንብ በልተህ እሱን አጭስ። ሰውነትህ ካልተረበሸ ከዚያ አንድ ደረጃ ውጣ። ቀጥሎ የምነግርህ እኔን ከሁሉም በላይ ያስተማረኝ ነው፤ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይር። ፓድሮን የሚባለው ማርክ ብዙዎቹን ሲጋሮቹን በተመሳሳይ መጠን በሁለት ልብስ ያወጣል፣ አንዱ ናቹራል፣ ሌላው ማዱሮ። ጉልበታቸው ከመካከለኛ ከፍ ስለሚል ሆድህ ባዶ አይሁን። ሁለቱን በተለያየ ቀን፣ በተመሳሳይ ሰዓት፣ አብሮ የሚጠጣውን ነገር ሳትቀይር አጭሳቸው። የሰማኸው ልዩነት በአብዛኛው የራፐሩ ነው። እኔ ይህን ሳደርግ በማስታወሻዬ የጻፍኩት አጭር ነበር፦ «ናቹራል፣ መጀመሪያው ሲሶ ለውዝ፣ ሁለተኛው ቁንዶ በርበሬ፣ መጨረሻው መራራ። ማዱሮ፣ መጀመሪያው ካካዎ፣ እስከ መጨረሻው ጣፋጭ፣ ጥፍሬን እስኪያቃጥለኝ አልጣልኩትም።» ከዚያ በኋላ ወደ ማዱሮ ማዘንበሌን ለማወቅ የማንም ምክር አላስፈለገኝም።

ጣዕሙን ለመለየት ጭሱን ወደ ሳንባህ አትሳበው። አፍህ ውስጥ ያዘውና ከማውጣትህ በፊት ጥቂቱን ብቻ በአፍንጫህ ልቀቀው። መጀመሪያ ይቆጠቁጣል። ግን ምላስ ከጣፋጭ፣ ጎምዛዛ፣ ጨው፣ መራራ ብዙም አያልፍም፤ ካካዎውን የሚያውቀው አፍንጫ ነው።

መጠኑም ጣዕሙን ይለውጠዋል። ውፍረቱ ሪንግ ጌጅ በሚባል ይለካል፣ የአንድ ኢንች 64ኛ ማለት ነው። 50 ሲሉህ ወደ 2 ሴንቲሜትር የሚጠጋ ውፍረት ነው፤ 5 ኢንች በ50 የሆነው ሮቡስቶ ይባላል፣ አንድ ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ቀጫጭኖቹ፣ ለምሳሌ ውፍረቱ 38 አካባቢ የሆነው ላንሴሮ፣ የራፐሩ ድርሻ ስለሚበዛ የልብሱን ጣዕም ጎላ አድርገው ያሰማሉ። ወፍራሙ የፊለሩን ያሰማል። ለአንተ ለጊዜው ውፍረቱ 42 አካባቢ የሆነ አጭር ፔቲ ኮሮና እመክራለሁ፤ ከከበደህም ቶሎ ያልቃል።

ስትገዛ በሁለት ጣትህ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀስ ብለህ ጫን ጫን አድርገው። መንኮሻኮሽ ከሰማህ ደርቋል፣ ይነድድና ያቃጥልሃል። እንደ እንጨት ጠንክሮ የማይለመጥ ቦታ ካገኘህ ቅጠሉ እዚያ ጋ ታጭቋል፣ አልሳብ ይልሃል። ሱቁ ሲጋሮቹን ከ65 እስከ 70 በመቶ እርጥበት የማያስቀምጥ ከሆነ ከዚያ አትግዛ።

ወደ ኩባ ሲጋር ጥያቄህ ልምጣ። ሞንቴክሪስቶ፣ ፓርታጋስ፣ ሮሜዮ ይ ሁሊዬታ የሚባሉት ስሞች በሁለት የተለያዩ ሲጋሮች ላይ አሉ። እ.ኤ.አ. በ1960 የኩባ መንግሥት የትምባሆ ኢንዱስትሪውን ሲወርስ የተሰደዱት ባለቤቶች ስሙን ይዘው ወጡ፤ ኩባም ስሙን አልተወችም። ስለዚህ ስሙን ብቻ አይተህ «ኩባን ቀመስኩ» አትበል፣ ሣጥኑ ላይ የተሠራበትን አገር አንብብ። ተመስሎ የሚሠራውም በጣም ብዙ ነውና ኮሂባ የሚባለውን ውድ የኩባ ማርክ በርካሽ ካቀረቡልህ እለፈው። እውነቱን ለመናገር እኔ ዛሬ ብዙ የማጨሰው የኒካራጓን ነው።

አለኳኮሱ ላይ አጭር ልሁን። ከቆቡ፣ ማለትም አፍህ ውስጥ ከሚገባው ዝግ ጫፍ፣ ወደ 2 ሚሊሜትር ብቻ ቁረጥ፣ ከዚያ ካለፍክ ራፐሩ ይፈታል። በቤንዚን ላይተር አትለኩስ፣ ሽታው ይገባበታል። በደቂቃ አንዴ ብቻ ሳብ። አንተን ያዞረህ ሲጋሩ ብቻ ላይሆን ይችላል፣ ፍጥነትህም ጭምር ነው።

ሳይነገርህ እንዳይቀር ደግሞ ይህን እወቅ፤ ባትስበውም የሲጋር ጭስ ኒኮቲን በአፍህ ቆዳ በኩል ይገባል፣ የአፍና የጉሮሮ ካንሰር ስጋቱም አብሮ አለ። አንድ ትልቅ ሲጋር የአንድ ፓኮ ሲጋራ ያህል ትምባሆ ሊይዝ ይችላል። እኔ በሳምንት ከአንድ አላልፍም፣ አንተም ከዚያ እንዳታልፍ።

ሣጥን ገና አትግዛ። ሁለቱን ፓድሮን በነጠላ ገዝተህ አጭስና የትኛውን እስከ መጨረሻው ይዘኸው እንደቆየህ፣ የትኛውንስ የት ላይ እንደጣልከው ጻፍልን። ሦስተኛውን ከዚያ ተነስተን አብረን እንመርጣለን።