«እንደ ልጃችን ነበረች» ማለት ይብቃ፤ ስለ ቤታችን ባርነት ምክር ለዲያስፖራው

1. ወረቀት። የአያቶቻችሁን ስም፣ የክርስትና ስም ካላቸውም እሱን፣ የትውልድ ቀያቸውንና ደብራቸውን ዛሬውኑ ጽፋችሁ ያዙ። በአያቶቻችሁ ቤት ማን በባርነት እንደኖረ ለማጣራት ከታች የምላችሁ ያለዚህ አንዱም አይሆንም።

2. ዘመኑን ሳታውቁ ለልጅ አትመልሱ። አሜሪካና አውሮፓ ያደገ ልጅ ትምህርት ቤት ስለ ባሪያ ንግድ ተምሮ ይመጣና «እኛስ?» ይላችኋል። እናንተ ደግሞ ስለ አድዋ ታወሩለታላችሁ። ልጁ መቼ ስለ አድዋ ጠየቀ? ኢትዮጵያ መስከረም 1916 ዓ.ም. የመንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን ባርነትን ለማጥፋት ቃል ገብታ ነው። በዚያው ዓመት በመጋቢት የወጣው አዋጅም ነፃነቱን ቀስ በቀስ የሚሰጥ ነበር። ከጠላት ወረራ በኋላ ባርነትን ያስቀረው አዋጅ የወጣው ነሐሴ 20 ቀን 1934 ዓ.ም. ነው። ዘጠና የደፈኑ አያት ያኔ ነፍስ ያወቁ ልጅ ነበሩ ማለት ነው። ጣሊያን ባርነቱን ለወረራው ሰበብ ማድረጉ እውነት ነው፤ እሱ ሰበብ ስላደረገው ግን ነገሩ ውሸት አይሆንም። የጅማው ሂርማታ፣ የጎጃሙ ባሶ፣ የሸዋው አብዱል ረሱል ሰው የሚሸጥባቸው ገበያዎች ነበሩ። ቅድመ አያታችሁ በ1889 ወደ ከፋ የዘመቱ ወይም በኋላ ማጂ የሰፈሩ ከሆነ፣ ጥያቄውን እናንተው ቀድማችሁ አንሱት፤ ከዚያ አገር ብዙ ሰው በባርነት ተግዟል።

3. አያትን አጠያየቅ። «ባሪያ ነበረን ወይ?» ብሎ የጀመረ ሰው በሩን በገዛ እጁ ዘጋው። ከሥራው ጀምሩ። ውሃ ማን ይቀዳ ነበር? እህሉን ማን ይፈጭ ነበር? ስሟ ማን ነበር፣ ከየት መጣች፣ ወልዳለች ወይ፣ ከማን፣ የት ተቀበረች? ለአንድ ቀን ግማሽ ሰዓት ይበቃል። «ልቅረጽ?» ብላችሁ አስፈቅዱ፤ ስልክ ደብቆ መቅረጽ ነውር ነው። ለቅሶና ሰርግ ላይ አይጠየቅም፤ አክስቶች ተሰብስበው ከሆነ አንዷ «ተይ እማዬ፣ ምን ያደርግልሻል» ትላለች፣ ጨዋታውም ወደ ቡናው ይዞራል።

የሚመጣው መልስ ከወዲሁ የታወቀ ነው፤ «እንደ ልጃችን ነበረች»። ፍቅር አልነበረም አልልም። ግን ቀጥሉ። ርስት ሲከፈል ደረሳት? ከቤቱ ልጆች ጋር አንድ ገበታ ቀረበች? ማን ዳራት፣ ለማን? ልጆቿ በማን ስም ይጠራሉ? እዚህ ላይ ዝም ካሉ አትጫኑ፤ ቀኑን ጽፋችሁ ሌላ ጊዜ ተመለሱበት። ዝምታውም መልስ ስለሆነ እሱንም መዝግቡት።

4. የዲኤንኤ ምርመራ። ምራቅ ልካችሁ ጌታና ባሪያን የሚለይ ውጤት አትጠብቁ፤ እንዲህ ያለ ነገር ደም ላይ አልተጻፈም። የሚያሳየው ዘመድ ነው። የአጎት ወይም የአክስት ልጅ 12.5 በመቶ ያህል፣ ቅድመ አያት የሚያገናኛችሁ ዘመድ ደግሞ 3 በመቶ አካባቢ ይጋራችኋል። የማታውቁት ሰው በ3 በመቶ ቢመጣ «ስህተት ነው» ብላችሁ አትዝጉት፤ ቅድመ አያታችሁ ከቤት ሠራተኛይቱ የወለዱት ልጅ ዘር ሊሆን ይችላል። ያ ሰው ታሪኩን ላያውቅ ስለሚችል ግን ዜናውን በመልእክት አትወርውሩበት። ስሙን በቤተሰብ ግሩፕ ላይ መለጠፍማ ጨርሶ አይታሰብም።

5. ገንዘብ። ለአያት መቃብር የእብነ በረድ ሐውልት ለማቆም ስንት ሺህ ዶላር ትልካላችሁ፣ በዚያ ቤት ዕድሜዋን ስትፈጭ የኖረችው ሴት ግን ስሟ በተዝካር ላይ እንኳ አይነሳም። ከሐውልቱ በፊት ስሟን ጽፋችሁ ለካህኑ ስጡ። ዘሮቿ ከተገኙ ብር ይዛችሁና ካሜራ አስከትላችሁ አትሂዱ፤ እነሱ የሚያምኑት ሽማግሌ ይቅደም፤ አንፈልግም ካሉም ተመለሱ። ፍላጎታቸው የልጅ ትምህርት ከሆነ ክፍያው በእነሱ እጅ ይሁን፤ በእናንተ ዘመድ በኩል አይለፍ። «መሬት እንመልስላቸዋለን» የምትሉም አላችሁ። የገጠር መሬት ከ1967ቱ አዋጅ ወዲህ የግል መሆኑ ቀርቶ የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ የሌላችሁን አትስጡ።

6. ጋብቻ። ወደ ዋናው መጣን። ልጅቱ የምትወደውን ይዛ ስትመጣ እናት ማታ አገር ቤት ትደውላለች፤ «እስኪ አጥንቱን አጣሩልኝ»። ቀን መሥሪያ ቤት በቆዳዋ ቀለም ተናቅሁ ብላ ያለቀሰች ሴት ናት! እስራኤል ባለው ወገናችን መካከልም ጨዋና ባሪያ የሚለው ልዩነት ከአገር ቤት ተጭኖ ሄዶ ዛሬም በጋብቻ ላይ ይጠየቃል። ዋሽንግተንም ያው ነው። ሰውየው ዲግሪ ይኑረው፣ ቤት ይኑረው፣ «አያቱ ማን ቤት ነበሩ?» ከተባለ ነገሩ አለቀ።

ሰባት ቤት ስትቆጥሩ በሰባተኛው እርከን 128 ወላጆች አሏችሁ። ስማቸውን ጥሩ እስኪ! የምትጠሩት አንድ መስመር ነው፣ እሱም ደጃዝማች ያለበትን። የቀሩት 127ቱ ማን ቤት ይሠሩ እንደነበር ማን ነገራችሁ? ደግሞስ ብትጠይቁ፣ ሰው ገዝቶ ያሳደረውና የተገዛችው ከሁለቱ ማን ነው የሚያፍረው? እኛ ግን ነውሩን ከገዢው አንስተን በተገዛችው የልጅ ልጅ ላይ ጭነን፣ ሻንጣ ይዘን አትላንቲክን ተሻገርን።

ስለዚህ አገር ቤት ያሉትን ዘመዶች አስቀድማችሁ አስጠንቅቁ፤ ስለሚያገባት ሰው አመሉን፣ ዕዳውን፣ ጤናውን፣ ሌላ ትዳር ይኑረው አይኑረው ያጣሩ፣ ከዚያ ወዲያ አንድ ቃል እንዳይጠይቁ። «እኛ እኮ ለሷ ብለን ነው» የሚል ዘመድ ቢደውል ስልኩን ለልጅቷ ስጧትና እሷው ትመልስለት። «ባሪያ» የሚለውን የስድብ ቃልም ቤታችሁ ውስጥ ለቀልድም አታሰሙ፤ አማርኛ አይችልም የምትሉት ልጅ እሱን አንዱን ቃል አሳምሮ ያውቀዋል።