በየክህሎቱ ማን ይቅደም? የቅርጫት ኳስ ጥያቄና መልስ

ጥያቄዎቹ በአብዛኛው የኤንቢኤ (የአሜሪካ የቅርጫት ኳስ ሊግ) ተጫዋቾችን የሚመለከቱ ናቸው። ለእያንዳንዱ መልስ መመዘኛዬ አንድ ነው፦ ተጫዋቹ ያንን ክህሎት ይዞ ሜዳ ሲገባ ተጋጣሚው አጨዋወቱን ምን ያህል ለመቀየር ይገደዳል? የድምር ቁጥር የሚለካው ችሎታን ብቻ አይደለም፤ የተጫወተበትን ዘመን ርዝመት፣ ጤንነቱን፣ የቡድኑን አጨዋወትም ጭምር ነው። ስለዚህ ቁጥሩን ስጠቅስ ከበስተጀርባው ያለውን አብሬ ለማሳየት እሞክራለሁ።

ጥያቄ፦ በባለ ሦስት ነጥብ ውርወራ ስቴፈን ከሪን የሚያህል የለም ትላላችሁ። ስቲቭ ከር ግን በተጫዋችነት ዘመኑ 45.4 በመቶ አስቆጥሯል፤ ከሪ 42 ገደማ ነው። ታዲያ የቱ ይበልጣል?

መልስ፦ ከሪ ይበልጣል፤ ልዩነቱም ትንሽ አይደለም። መቶኛ ከተወረወረው ስንቱ እንደገባ ይነግረናል እንጂ ውርወራው ምን ያህል ከባድ እንደነበር አይነግረንም። ከር በጨዋታ በአማካይ ሁለት እንኳ አይሞክርም ነበር። አብዛኞቹም ጠባቂው የቡድን ጓደኛውን ማይክል ጆርዳንን በመከላከል ሊያግዝ ጥሎት ሲሄድ እግሩን ተክሎ የወረወራቸው ናቸው። የባለ ሦስት ነጥብ መስመሩም ጉዳይ አለ። ሊጉ ከ1994 እስከ 1997 ድረስ መስመሩን አቅርቦ ዙሪያውን 6.70 ሜትር አድርጎት ነበር፤ ከር 52.4 በመቶ ያስቆጠረበት የ1994-95 የውድድር ዘመን በዚያ ውስጥ ነው። ዛሬ መስመሩ ከፊት ለፊት 7.24 ሜትር ይርቃል፤ 6.70 የሆነው ማዕዘኖቹ ላይ ብቻ ነው።

ከሪ በ2015-16 ብቻ 402 አስቆጥሯል። ከእነዚህ ብዙዎቹን ያገኘው ራሱ ድሪብል አድርጎ (ኳሱን እያነጠረ ሄዶ)፣ ወደ ኋላ አፈግፍጎ፣ ሰው ፊቱ ቆሞ ነው። ትልቁ ነገር ደግሞ ኳሱ ሳይወረወር የሚሆነው ነው። ተከላካዮች ከመስመሩ ሁለትና ሦስት ሜትር ርቀው ሊቀበሉት ይወጣሉ፤ ሁለት ሰው ሲላክበት ከኋላ አራት አጥቂ በሦስት ተከላካይ ላይ ይቀራል። ከርን ለማቆም እንዲህ ያደረገ ቡድን አልነበረም።

ጥያቄ፦ አሰልጣኞች ኳሱን ከፍ አድርጋችሁ ወርውሩ ይላሉ። ምክንያቱ ምንድን ነው? ምን ያህልስ ከፍ ይበል?

መልስ፦ ምክንያቱ በስሌት ይታያል። የቀለበቱ ስፋት 45.7 ሴንቲ ሜትር ነው፤ የኳሱ ስፋት 24 ገደማ። ኳሱ በ45 ዲግሪ ሲወርድ ቀለበቱ ለእሱ የሚከፍትለት ቦታ 32 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። በ30 ዲግሪ ከመጣ ግን ክፍተቱ ወደ 23 ይወርዳል፤ ከኳሱ ያነሰ ነው። ስለዚህ በዚህ አንግል የመጣ ኳስ ብረቱን ሳይነካ ሊገባ አይችልም።

ታዲያ ለምን 60 ዲግሪ አናደርገውም? ከፍ ባለ ቁጥር ተጨማሪ ጉልበት ስለሚጠይቅ፣ በጉልበቱ ላይ የምትሠራት ትንሽ ስህተትም ኳሱን በብዙ ስለምታሳጥረው ወይም ስለምታስረዝመው ነው። የሚሻለው ኳሱ ወደ ቀለበቱ ሲወርድ ከ45 እስከ 50 ዲግሪ መካከል ቢሆን ነው። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፦ ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚሄድ ኳስ በከፍታ አይታረምም። የዚያ ችግር ክርንና ኳሱን በመጨረሻ የምትለቀው ጣት ላይ ነው። ኳሱ ሁልጊዜ የሚያጥር ከሆነ ደግሞ እጃችሁን ትታችሁ እግራችሁን ተመልከቱ፤ ጉልበት ሲደክም መጀመሪያ የሚጠፋው ርዝመት ነው።

ጥያቄ፦ ክሌይ ቶምፕሰንን ለምን አልጠራኸውም?

መልስ፦ እሱ የሚወዳደርበት ክህሎት ሌላ ስለሆነ ነው፤ ኳስ ሳይዙ መንቀሳቀስና ተቀብሎ ወዲያው መወርወር። በታኅሣሥ 2016 ኢንዲያና ላይ በ29 ደቂቃ 60 ነጥብ ሲያስቆጥር በጠቅላላው ድሪብል ያደረገው 11 ጊዜ ነበር። ይህ የሚሆነው ኳሱ ከመድረሱ በፊት እግሩ ተስተካክሎ፣ ትከሻው ወደ ቀለበቱ ዞሮ ሲጠብቅ ነው። በዚህ ብቻ ከተባለ ከከሪም አስቀድመዋለሁ።

ጥያቄ፦ የመካከለኛ ርቀት ውርወራ ሞቷል ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ ሒሳቡ ጎድቶታል። ከመስመሩ ውጭ 36 በመቶ የሚያስቆጥር ተጫዋች በአንድ ውርወራ 1.08 ነጥብ ያመጣል። ይህን በባለ ሁለት ለማካካስ 54 በመቶ ማስገባት ያስፈልጋል፤ ያንን ከመካከለኛ ርቀት የሚችለው ጥቂት ሰው ነው። ሆኖም በፕሌይኦፍ (ከመደበኛው ውድድር በኋላ ለዋንጫ በሚደረጉት ጨዋታዎች) ተከላካዩ ቀለበቱንም መስመሩንም ሲዘጋ የሚቀረው መሃሉ ብቻ ነው። በዚያ ቦታ ጆርዳንን፣ ኖቪትዝኪን እና ዱራንትን አስቀምጣለሁ። የኖቪትዝኪ ስልት በጣም የተለየ ነበር፦ 2.13 ሜትር ቁመት ይዞ በአንድ እግሩ ወደ ኋላ እየዘለለ ሌላኛውን ጉልበቱን ወደ ፊት ያነሳል። ያ ጉልበት ተከላካዩን ያርቀዋል። እጅ ዘርግቶ የሚደርስበትም አልነበረም። አንደኛዬ ግን ጆርዳን ነው፤ ከሁለቱም ትከሻ ዞሮ መውጣት ስለሚችል ጠባቂው አንዱን ወገን መርጦ መጠበቅ አይችልም።

ጥያቄ፦ ጆን ስቶክተን 15,806 አሲስት (ጓደኛ ያስቆጠረበት ቅብብል) አለው። በማቀበል ክርክሩ አላለቀም?

መልስ፦ አላለቀም። ቁጥሩ የሚደነቅ ነው፤ ግን አሲስት የሚቆጠረው ተቀባዩ ሲያስቆጥር ብቻ ነው። ስቶክተን ለ18 ዓመታት ካርል ማሎንን የመሰለ አስቆጣሪ አጠገቡ ነበረው፤ በ19 የውድድር ዘመናትም ያመለጡት 22 ጨዋታዎች ብቻ ናቸው። በአንድ ጨዋታ አማካይ ከታየ ማጂክ ጆንሰን በ11.2 ይበልጠዋል። ኳስ ባለማባከን ደግሞ ክሪስ ፖል አለ፤ አንድ ኳስ በሚያጠፋበት ጊዜ አራት ገደማ አሲስት ይሰጣል።

የእኔ ምርጫ ኒኮላ ዮኪች ነው። ምክንያቱ ቦታው ነው። ሴንተር (ቀለበቱ አጠገብ የሚጫወተው ረጅሙ ሰው) ሆኖ ከቅጣት ምት መስመር ጫፍ ሲያቀብል፣ የተጋጣሚ ረጅሙ ተከላካይ ቀለበቱን ትቶ ወደ እሱ መውጣት አለበት። ያኔ ከኋላ ገብቶ የሚሮጠው ጓደኛው ቀለበቱን ባዶ ሆኖ ያገኘዋል። ኳሱንም እንደተቀበለ፣ ገና ደረቱ ላይ ሳያደርሰው ይለቀዋል። በ2024-25 የውድድር ዘመን በነጥብ፣ በሪባውንድ (ስቶ የነጠረን ኳስ በመውሰድ) እና በአሲስት ሦስቱንም ከ10 በላይ አማካይ አስመዝግቧል።

ጥያቄ፦ ይቅርታ አድርግልኝና ዮኪችን ከማጂክ በላይ ማድረግ ተገቢ አይመስለኝም። ማጂክ እየሮጠ ነው የሚያቀብለው።

መልስ፦ በፈጣን መልሶ ማጥቃት ልክ ነህ፤ እዚያ ማጂክን የሚያህል የለም። 2.06 ሜትር ስለሆነ ከተከላካዮች ጭንቅላት በላይ አይቶ፣ ሦስት ሰው አብሮት ሲሮጥ ለማን እንደሚሰጥ እስከ መጨረሻዋ ቅጽበት ይደብቃል። ጄሰን ኪድም በዚህ ቅርቡ ነው። በቆመ ማጥቃት ግን፣ አምስት ተከላካይ ቦታቸውን ይዘው ሲጠብቁ፣ ዮኪች የሚከፍተውን መንገድ ማጂክ ሁልጊዜ አይከፍትም፤ ምክንያቱም ረጅሙን ተከላካይ ከቀለበቱ ሥር አያስወጣውም።

ጥያቄ፦ በድሪብል አለን አይቨርሰን ወይስ ካይሪ?

መልስ፦ ካይሪ ኧርቪንግ። አይቨርሰን በፍጥነትና በክሮስኦቨሩ (ኳሱን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው በማሻገሩ) ስፋት ያሸንፋል፤ ካይሪ ደግሞ ሁለት ሰው በከበበው ጠባብ ቦታ፣ በሁለቱም እጁ እኩል ይሠራል። መጨረሻውንም ሰሌዳው ላይ በሚሽከረከር ኳስ፣ በግራም በቀኝም ይጨርሳል።

ክሮስኦቨር እንዴት እንደሚሠራ ልጨምር፤ ብዙ ሰው እጅ ላይ ብቻ ያተኩራልና። የሚሠራው ተከላካዩ ክብደቱን አንድ እግሩ ላይ ሲያሳርፍ ነው። መጀመሪያ ኳሱንና ትከሻህን ወደ አንድ ወገን ትልካለህ፤ እሱ እግሩን ሲያነሳ ኳሱን ከጉልበት በታች ዝቅ አድርገህ ወደ ሌላው ትሻገራለህ፤ የመጀመሪያው እርምጃህ ከተከላካዩ እግር ጎን አልፎ ማረፍ አለበት። የሚበላሸው በሦስት ምክንያት ነው። ኳሱ ወገብ ድረስ ሲነጥር ይነጠቃል፤ በጣም ከሩቅ ሲደረግ ተከላካዩ ለመመለስ ጊዜ ያገኛል፤ እጅ ከኳሱ ሥር ከገባ ደግሞ ዳኛው ይነፋል። ቲም ሃርደዌይ በእግሮቹ መሃል አሳልፎ ወዲያው በመሻገር የታወቀው ለዚህ ነው፤ የመጀመሪያዋ ነጠራ የተከላካዩን ክብደት ታሰናዳለች።

ጥያቄ፦ ዊልት ቻምበርሌይን በ1960 ቦስተን ላይ በአንድ ጨዋታ 55 ሪባውንድ ወስዷል። ስለ ዴኒስ ሮድማን የሚወራው ለምንድን ነው?

መልስ፦ ስንት የሳተ ኳስ ሜዳው ላይ እንደነበር ካልተቆጠረ ሪባውንድ አይወዳደርም። በ1960ዎቹ መጀመሪያ አንድ ቡድን በጨዋታ ከ100 በላይ ይወረውር ነበር፤ የሚገባውም 42 በመቶ ገደማ ነበር። ሮድማን በ1991-92 በጨዋታ 18.7 ሲወስድ ውርወራው አንሶ፣ የሚገባውም ጨምሮ ነው። ከ1992 እስከ 1998 ሰባት ጊዜ በተከታታይ ሊጉን መርቷል፤ ቁመቱ 2.01 ሜትር ብቻ ሆኖ።

ሥራው የሚጀምረው ኳሱ አየር ላይ ሳለ ነው። ከማዕዘን የተወረወረ ኳስ ሲስት አብዛኛውን ጊዜ ወደ ተቃራኒው ጎን ይሄዳል፤ ከሩቅ የተወረወረ ርቆ ይነጥራል። ሮድማን ቀድሞ እዚያ ይቆማል። ከዚያ ሰውየውን በጀርባው ይዘጋል፤ በሁለት እጁ መያዝ ካልቻለ በጣቱ ነካ አድርጎ ወደ ባዶ ቦታ ይልከውና ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ይዘላል። ዊልት በቁመትና በጉልበት የሚወስደውን እሱ በቦታ አያያዝ ይወስዳል። ክህሎት ከተባለ ሮድማን። የማጥቃት ሪባውንድ ብቻ ከሆነ ግን ሞሰስ ማሎንን እመርጣለሁ፤ በ1978-79 ብቻ 587 ወስዷል።

ጥያቄ፦ ብሎክስ (የተወረወረን ኳስ በእጅ መመለስ)?

መልስ፦ ሊጉ ብሎክን መቁጠር የጀመረው በ1973-74 ስለሆነ ቢል ራስል መዝገቡ ውስጥ የለም። ከተቆጠሩት ሃኪም ኦላጁዋን በ3,830 ይመራል፤ ማርክ ኢተን በ1984-85 በጨዋታ 5.56 አድርጓል። ኦላጁዋንን አስቀድማለሁ፤ ኢተን ቀለበቱ ሥር ቆሞ ይጠብቅ ነበር፣ ኦላጁዋን ግን ውጭ ወጥቶ ስክሪኑን (አጥቂ ለጓደኛው መንገድ ለመክፈት ቆሞ የሚዘጋበትን) ተከላክሎ ተመልሶ ይደርሳል። ዛሬ ደግሞ ሴንተር ሰው ሳይጠብቅ ቀለሙ (ቀለበቱ ሥር ያለው የተቀባ ክልል) ውስጥ ከሦስት ሰከንድ በላይ መቆም አይችልም፤ ይህ ሕግ የመጣው በ2001-02 ነው። ቪክተር ዌምባንያማ በዚህ ሕግ ሥር በመጀመሪያ ዓመቱ ሊጉን በብሎክ መርቷል። አንድ የሚረሳ ነገር፦ ኳሱን ተመልካች መሃል መምታት ለዓይን ያምራል፤ ኳሱ ግን ለተጋጣሚው ይመለሳል። ራስል ለስለስ አድርጎ ሜዳው ውስጥ ያስቀረው ነበር፤ ከዚያ ቡድኑ ይሮጣል።

ጥያቄ፦ ኳስ በመንጠቅ አንደኛው ከሁሉ የሚበልጥ ተከላካይ ነው ማለት ይቻላል?

መልስ፦ አይቻልም። ለመንጠቅ ዘሎ የሳተ ተከላካይ ቡድኑን አራት ለአምስት ያስቀራል፤ ያ ስህተት ደግሞ የትም አይመዘገብም። ፊት ለፊት በመከላከል ምርጫዬ ካዋይ ሌናርድ ነው። እጁ ሰፊ ስለሆነ አንድ እርምጃ ርቆ ቆሞም ኳሱ ጋ ይደርሳል፤ ስለዚህ አጥቂው ሸውዶ አያልፈውም። ጌሪ ፔይተን በ1996 የዓመቱ ተከላካይ ሲሆን በእጅ አጥቂን መግፋትና ማስታከክ ይታለፍ ነበር፤ ከ2004-05 ወዲህ ዳኞች በጥብቅ ይነፋሉ። ካዋይ ሽልማቱን በ2015 እና በ2016 የወሰደው በከበደው ሕግ ነው።

ጥያቄ፦ ሻኪል ኦኒል ቅጣት ምት 52.7 በመቶ ነው ያስገባው። ከሥር ወደ ላይ በሁለት እጅ መወርወር ያን ያህል የሚጠቅም ከሆነ ለምን አልሞከረውም?

መልስ፦ ይጠቅማል። ሪክ ባሪ በዚያ አወራወር 90 በመቶ ገደማ አስገብቷል። ሁለቱ እጆች እኩል ስለሚያነሱ ወደ ጎን መሳት ይቀንሳል፤ ኳሱ ወደ ኋላ እየተሽከረከረ ለስላሳ ሆኖ ስለሚወርድ ብረቱን ነክቶም የመግባት ዕድል አለው። ዊልት በመጋቢት 1962 100 ነጥብ ባስቆጠረበት ጨዋታ በዚህ መንገድ ከ32 ቅጣት ምት 28 አስገብቷል። በኋላ ግን ተወው፤ ምክንያቱ አወራወሩ ያሳፍራል የሚል ስሜት ነበር። ሻክንም ሌሎችንም ያስቀረው ይኸው ነው። በጣም የሚያሳዝን ነገር ነው፤ በቅጣት ምት ፊትህ የሚቆም ሰው የለም፣ ርቀቱም ሁልጊዜ ከሰሌዳው 4.57 ሜትር ነው።

በአንድ የውድድር ዘመን የወንዶቹ ክብረ ወሰን የሆሴ ካልዴሮን ነው፤ በ2008-09 ከ154 ሙከራ 151። ሴቶቹ ጋ ኤሌና ዴለ ዶን አለች። በ2019 ከሜዳ 50፣ ከሦስት ነጥብ 40፣ ከቅጣት ምት 90 በመቶ በላይ በማስገባት በደብልዩኤንቢኤ የመጀመሪያዋ ሆናለች። አወራወሯን በዝግታ ተመልከቱት፤ አንድ ጊዜ ታነጥራለች፣ ክርኗ ከቀለበቱ ትይዩ ሳይወጣ በቀጥታ ይነሳል። ከእሷ አወራወር የሚቀነስ እንቅስቃሴ አላገኘሁም።