አማርኛ ተጠይቆ እንግሊዝኛ የሚያቀብል ካሽ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አየሁት። ባሕር ዳር ላለ ሆቴል የክፍል ቲቪዎች የፊልም ዝርዝር ሠርተሃል። መረጃው ከውጭ ዳታቤዝ ይመጣል። የአማርኛ መግለጫ ከገባ በኋላም እንግሊዝኛው አልለቅ ብሎሃል፤ ካሹን (አንዴ የመጣ መልስ ደግሞ እንዳይጠየቅ ለጊዜው የሚቀመጥበትን ማከማቻ) ስታጸዳው ይስተካከላል፣ በማግስቱ ይመለሳል። እኔም ጣና ዳር ላለ ፔንሲዮን ሌላ ሰው የጀመረውን ተመሳሳይ ሥራ ተረክቤ ስለነበር ያየሁትን ልንገርህ።

መጀመሪያ የካሹን ቁልፍ፣ ማለትም መልሱ የሚቀመጥበትን ስም፣ እየው። ፔንሲዮኑ ላይ የነበረው «ፊልም፡412» ብቻ ነው። ቋንቋ የሚባል ነገር የለበትም። ጠዋት አንድ ፈረንጅ በእንግሊዝኛ ይከፍታል፣ ካሹ ይሞላል። ማታ ከጎንደር የመጣ ቤተሰብ በአማርኛ ሲከፍት የፈረንጁ ትራፊ ይደርሰዋል። ቁልፉን የአማርኛን ኮድ ጨምረህ «ፊልም፡412፡ኤኤም» ብታደርገው ይሄኛው ያልቃል።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል። ዋናው ጣጣ ግን ገና ነው። አማርኛው ሲጠፋ ኮዱ ወደ እንግሊዝኛ መውረዱ ጥሩ ነው። ያን እንግሊዝኛ በአማርኛው ቁልፍ ሥር ካስቀመጥከው ግን ካሹ መዋሸት ጀመረ። ነገ ትርጉሙ ቢገባም ጊዜው እስኪያልፍ ማንም ተመልሶ አይጠይቅም። ስለዚህ እያንዳንዱን ቋንቋ በራሱ ስም ብቻ አስቀምጥ፤ መተካቱን ስክሪን ላይ ሲወጣ ሥራው። «አማርኛ የለም» የሚለውን መልስም መያዝ ይቻላል፣ ለአጭር ጊዜ ከሆነ። እኔ ያለውን ለሳምንት፣ የሌለውን ለአንድ ሰዓት ነው የማቆየው። መልስ ሳይመጣ ከተቋረጠማ ጭራሽ አትመዝግበው። የኛን ኔትወርክ ታውቀው የለ? አንዴ ብልጭ ድርግም ካለ ግማሹ ዝርዝር «ትርጉም የለውም» ተብሎ ይቀመጣል።

ባዶ ጽሑፍንም እንደ «የለም» ቁጠረው። አንዳንድ ዳታቤዝ ትርጉም ሲያጣ ርዕሱን ከሌላ ቋንቋ ሞልቶ፣ መግለጫውን ባዶ አድርጎ ይልካል። ኮድህ ናል (ጭራሽ ያልተላከ እሴት) ብቻ የሚፈትሽ ከሆነ ባዶውን ትርጉም ነው ብሎ ያሳልፈዋል። መተካቱም በየመስኩ ይሁን፤ መግለጫው ስለጠፋ የአማርኛ ርዕስ አይጣል።

የቋንቋ ኮዶቹን በተመለከተ፦ አማርኛ ባለ ሁለት ፊደሉ «ኤኤም»፣ ባለ ሦስቱ «ኤኤምኤች» ነው። «ኤኤም-ኢቲ» (የኢትዮጵያ አማርኛ) ከመጣ ከኋላ እየቆረጥክ ወደ «ኤኤም» ውረድ፤ የ2006ቱ አርኤፍሲ 4647 (የቋንቋ ኮዶች ማዛመጃ የኢንተርኔት ሰነድ) የሚለውም ይህንኑ ነው። ባለ ሦስት ፊደሉን ግን እንዲሁ አትቁረጠው። ለአማርኛ በአጋጣሚ ይሠራል። አፋን ኦሮሞ ላይ «ኦአርኤም»ን ብትቆርጠው «ኦአር» ይሆናል፣ እሱ ደግሞ የሕንዱ ኦዲያ ነው። ትክክለኛው «ኦኤም» ነው። አዊኛማ «ኤደብሊውኤን» እንጂ ባለ ሁለት ፊደል ጭራሽ የለውም። ባለ ሦስቱን ከባለ ሁለቱ የሚያዛምድ ሠንጠረዥ ተጠቀም።

ከቋንቋው ስም ጎን ባንዲራ የምታሳይ ከሆነም ከቋንቋ ኮዱ አታውጣው። በአገር ኮድ «ኤኤም» አርሜኒያ ናት።