«ሲያቃጥላት ትነግረኛለች» አይሠራም፦ የተረከዝ ማለስለሻ ኬሚካልና የስኳር ሕመምተኛ እግር

ጥያቄ፦ ዶክተር እንደምን ሰነበቱ። አዲስ አበባ ውስጥ የውበት ሳሎን ውስጥ ፔዲኪዩር እሠራለሁ። ተረከዛቸው ለደነደነ ደንበኞች የምንቀባው ጄል አለ። በጄሪካን ይመጣል፣ እኛ ወደ ትንሽ ጠርሙስ እየገለበጥን እንጠቀማለን፣ ጠርሙሱ ላይ ምንም አልተጻፈበትም። ቀብተን በፌስታል እንጠቀልለዋለን፣ ደንበኛዋ «አቃጠለኝ» ስትል እናነሣለን። ባለፈው አንዲት ስኳር ያለባቸው እናት መጡ። ምንም አላቃጠለኝም ስላሉኝ ትንሽ አስረዘምኩት። በሳምንቱ ልጃቸው ደውላ ተረከዛቸው ቆስሎ አልድን እንዳለ ነገረችኝ። በጣም ደነገጥኩ። የእኔም ጣቶች እየተሰነጠቁ ነው። ጄሉን ትቼ በአሲድ ወይም እንደ ካልሲ በሚጠለቀው የቆዳ ማላጫ ልቀይረው? የሳሎኑ ባለቤት ግን «ደንበኛ ይሸሻል» ትላለች።

መልስ፦ እህቴ፣ ይህን አንብበሽ ሳትጨርሺ ለእናትየዋ ልጅ ደውዪ። ስኳር ያለበት ሰው ተረከዝ ላይ የወጣ ቁስል «እስኪ ጥቂት ቀን እንየው» አይባልም። ዛሬ ካልሆነ ነገ ጠዋት ሐኪም ይየው። ዙሪያው ከቀላ፣ ካበጠ፣ ከሸተተ፣ መግል ከያዘ ወይም ከጠቆረ፣ ወይም ትኩሳት ካላቸው ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል መሄድ አለባቸው። እስከዚያው በዚያ እግር ብዙ አይቁሙ፣ በባዶ እግር አይሂዱ። ሙቅ ውሃና ጨው ውስጥ መዘፍዘፍ ደግሞ ይቅር፤ ሙቀቱ የማይሰማው እግር ሁለተኛ ቃጠሎ ይጨምራል። ጄሪካኑ ላይ ጽሑፍ ካለ ፎቶ አንሥተሽ ላኪላቸው፣ ለሐኪሙ ያሳዩት።

«አላቃጠለኝም» ያሉሽ እውነታቸውን ነው። ችግሩም እዚያው ላይ ነው። የእናንተ ሰዓት መቁጠሪያ የደንበኛው ሕመም ሆኗል፣ ይህ ደግሞ ጤነኛ ሰው ላይ እንኳ አያስተማምንም።

ለምን እንደሆነ ከጄሉ ልጀምር። በሙያው ቦታ የደነደነ ተረከዝ በደቂቃዎች ውስጥ የሚያለሰልሱት ጄሎች አብዛኛውን ጊዜ የሚሠሩት ከፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ወይም ከወንድሙ ከሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ነው። ሁለተኛውን በሌላ ስሙ ታውቂዋለሽ፣ ሳሙና የሚሠሩበትና የተደፈነ ቱቦ የሚከፍቱበት ኮስቲክ ሶዳ ነው። ጄሉ ውስጥ በጥቂቱ ቢገባም ፒኤቹን (አሲድነትን የሚለካውን ቁጥር፤ ዝቅ ሲል አሲድ፣ ከፍ ሲል የአሲድ ተቃራኒ የሆነው አልካሊ ነው) ወደ 12 እና 13 ያደርሰዋል፤ የቆዳችን ፒኤች ግን 5 አካባቢ ነው። ቆዳን፣ ጥፍርንና ፀጉርን የሚያጠነክረው ኬራቲን የሚባል ፕሮቲን ነው፣ ይህ ኬሚካል ኬራቲኑን አሳብጦ ያሟሟዋል። እኛ ሐኪሞችም በዚሁ ነው የምንጠቀመው። እግር ፈንገስ ይዞት እንደሆነ ለማየት ከቆዳው ፍቅፋቂ ወስደን መስታወት ላይ እናደርግና ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ እናንጠባጥብበታለን፤ ቆዳው ይሟሟል፣ ፈንገሱ ይቀራል፣ በማይክሮስኮፕ ይታያል። መስታወት ላይ ሲሆን ማለፊያ ነው። እግር ላይ ግን የሞተው ቆዳ የት አልቆ ሕይወት ያለው የት እንደሚጀምር ለይቶ አያውቅም።

አሲድና እንደ ጄሉ ያለው አልካሊ የሚያቃጥሉበት መንገድ ይለያያል። ኃይለኛ አሲድ ሥጋውን ያረጋዋል፣ የረጋው ሥጋ ራሱ ግድግዳ ሆኖ አሲዱን ትንሽ ይገታዋል፣ ሕመሙም ቶሎ ይመጣል። አልካሊ ግን የቆዳውን ስብ ሳሙና እያደረገ፣ ፕሮቲኑን እያሟሟ ወደ ውስጥ ይዘልቃል። ስትነኪው የሚያሟልጨው ለዚህ ነው። ሕመሙ ብዙ ጊዜ ዘግይቶ ነው የሚመጣው፤ ደንበኛዋ «አቃጠለኝ» ስትል ጄሉ ሥራውን ከጨረሰ ቆይቷል ማለት ነው። በዚያ ላይ የደነደነው የተረከዝ ቆዳ ሕይወት የለውም፣ ነርቭ የለውም። እስኪያልፈው ድረስ ማንም ምንም አይሰማውም። ነርቩ በስኳር የተጎዳ ሰው ደግሞ ካለፈውም በኋላ ላይሰማው ይችላል። የስኳር በሽታ ብቻም አይደለም፣ ለዓመታት የተጠጣ አልኮልና የሥጋ ደዌም እግርን ያደነዝዛሉ። እግር ላይ ደም በደንብ ካልደረሰ ደግሞ ትንሿ ቁስል ወራት ትወስዳለች።

ፌስታሉን ተዪው። ቆዳ ሲታፈንና ሲሞቅ የተቀባውን አብዝቶ ይስባል። መመሪያው ላይ ሸፍኑት ካልተባለ አይሸፈንም።

ስም የሌለውን ጠርሙስ ደግሞ ዛሬውኑ ጣዪው። ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ራሱ ሳይሆን መጠኑ ነው ነገሩን የሚወስነው። የአውሮፓ ኅብረት የመዋቢያ ሕግ ለደነደነ ቆዳ ማለስለሻ የሚፈቅደው እስከ 1.5 በመቶ ድረስ ብቻ ነው። ያንቺ ጄሪካን ውስጥ 1 በመቶ ይሁን 10 በመቶ፣ አልካሊ ይሁን አሲድ፣ ስንት ደቂቃ እንደሚቆይ፣ በምን እንደሚታጠብ ሳታውቂ ሰው እግር ላይ ልትቀቢው አይገባም። ባለቤቷ «እስከዛሬ ምን ሆነ?» ብትል፣ ሆኗል በያት። ሆኗልና።

በአሲድ ልቀይረው ወይ ላልሽው፣ መልሴ «እንደ እግሩ» ነው። ላክቲክና ግላይኮሊክ አሲድ የሞቱትን የቆዳ ሴሎች እርስ በርስ የያዛቸውን ማያያዣ ያላላሉ እንጂ እንደ አልካሊው ቆዳውን አያሟሙም። ሳሊሲሊክ አሲድም ተቀራራቢ ሥራ ነው የሚሠራው፣ ግን ስብ ውስጥ ስለሚሟሟ ጠልቆ ይገባል። የዋሆች ናቸው ማለት አይደለም። አሜሪካ ውስጥ የመዋቢያ ንጥረ ነገሮችን የሚገመግመው የባለሙያዎች ቡድን ለላክቲክና ለግላይኮሊክ ያስቀመጠው ገደብ፣ ሰው ቤቱ ለሚቀባው እስከ 10 በመቶ ከፒኤች 3.5 ሳይወርድ፣ በሠለጠነ ባለሙያ እጅ ለአጭር ጊዜ ተቀብቶ ለሚታጠበው ደግሞ እስከ 30 በመቶ ከፒኤች 3 ሳይወርድ ነው። ስለዚህ ዕቃ ስትገዢ የአሲዱን በመቶኛ ብቻ ሳይሆን ፒኤቹንም ጠይቂ። ሻጩ የማይመልስልሽ ከሆነ አትግዢው። እነዚህ አሲዶች ቆዳውን ለፀሐይ ስስ ያደርጉታልና ክፍት ጫማ የምታደርግ ደንበኛ ለሳምንት ያህል የእግሯን ላይኛ ክፍል ፀሐይ መከላከያ ብትቀባው ጥሩ ነው።

በካልሲ መልክ የሚመጣው የእነዚህ አሲዶች ድብልቅ ነው። አንድ ሰዓት ያህል ይጠለቃል፣ ከቀናት በኋላ እግሩ መላጥ ይጀምራል፣ አንድ ሁለት ሳምንት ይላጣል። ችግሩ የደነደነውን ተረከዝና በጣቶች መካከል ያለውን ስስ ቆዳ እኩል መዘፍዘፉ ነው። ለሳሎን ብዙም አይመቸኝም፣ ምክንያቱም ውጤቱን አንቺ አታዪውም፣ ደንበኛዋ ቤቷ ሄዳ ነው የምትላጠው። ሠርግ ያላትን ሙሽራ ደግሞ በሠርጓ ሳምንት እንዳትሞክሪባት! በክፍት ጫማዋ እየተላጠች ነው የምትሞሸረው።

እኔ ብጠየቅ የምመርጠው ዩሪያ ነው። አዎ፣ ገበሬው የሚያውቀው ያው ዩሪያ፣ ግን ማዳበሪያውን ቀብተሽ እንዳትመጪ፤ ለቆዳ የተዘጋጀ ቅባት ፋርማሲ አለ። እስከ 10 በመቶ ሲሆን ያርሳል፣ ከ20 በመቶ በላይ ሲሆን የደነደነውን ይፈታል፣ 40 በመቶው ለጥፍርና በጣም ለወፈረ ቆዳ ነው። እንደ ጄሉ በአምስት ደቂቃ ተአምር አያሳይም። ደንበኛዋ ማታ ማታ ቀብታ፣ በጥጥ ካልሲ ተኝታ፣ በሁለት ሦስት ሳምንት ነው ለውጡን የምታየው። ሳሎን ውስጥ ለስለስ ያለ መፈግፈግ፣ ለቤት ደግሞ ዩሪያ፤ ይህ ለባለቤቷም ገቢ አለው፣ ቅባቱን ራሷ ልትሸጥ ትችላለች።

ተረከዝ የሚደነድነው ጫና ስለሚበዛበት መሆኑንም አትርሺ። ሙልጭ አድርገሽ ካነሣሽው እግሩ «መከላከያዬን ወሰዱብኝ» ብሎ እንደገና ይሠራዋል፣ እስኪሠራ ድረስም መራመድ ያማል። ትንሽ አስቀሪለት። ምላጭ ደግሞ ፈጽሞ አልደግፍም፣ በተለይ ኬሚካል ከተቀባ በኋላ። ሁለቱም ተረከዞች ደርቀው፣ ነጭ ዱቄት የተነሰነሰባቸው መስለው፣ በጣቶች መካከልም የሚያሳክክና የሚላጥ ነገር ካለ ድርቀት ሳይሆን ፈንገስ ሊሆን ይችላል። እሱ በመላጥ አይድንም፣ መድኃኒት ነው የሚፈልገው፣ መፈግፈጊያሽም ወደሚቀጥለው ደንበኛ ያሻግረዋል።

እንግዲህ ጠርሙስ ከመክፈትሽ በፊት ጠይቂ። ስኳር አለብዎት? እግርዎ ይደነዝዛል ወይ? ስትራመጂ ባትሽን እየያዘ የሚያስቆምሽ ሕመም አለ? ከዚህ በፊት እግርሽ ቆስሎ አልድን ብሎ ያውቃል? አንዱ እንኳ «አዎ» ከሆነ ኬሚካልም ምላጭም የለም፤ ጥፍር ማስተካከል፣ በለብታ ውሃ አጠብ አድርጎ ማድረቅና ቅባት ይበቃል። ብዙ ሰው ስኳር እንዳለበት ራሱም አያውቅምና በዓይንሽም እዪ፣ በእጅሽም ዳሰስ አድርጊ። አንድ ቀላል መላ ላሳይሽ። ኢፕስዊች በምትባል የእንግሊዝ ከተማ ሆስፒታል የወጣ ፍተሻ ነው፣ ምንም ዕቃ አይፈልግም። ደንበኛው ዓይኑን ይጨፍን። በሁለቱም እግሮች የአውራ ጣት፣ የመካከለኛውና የትንሿ ጣት ጫፍ ላይ በሌባ ጣትሽ ለአንድ ሁለት ሴኮንድ በስሱ ንኪ። አትጫኚ፣ አትደብድቢ፣ አትድገሚ። ሲሰማው «ግራ» ወይም «ቀኝ» ይበል። ከስድስቱ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ካልተሰማው ያ እግር ስሜቱ ቀንሷል፣ ወደ ሐኪም ላኪው። አንድ ደቂቃ አይፈጅም። እነዚያ እናት መጀመሪያ ወንበሩ ላይ ሲቀመጡ ይህ ተደርጎ ቢሆን ኖሮ ጄሉ ባልተከፈተ ነበር።

ለጤነኛ እግር ጄል ስትጠቀሚ ጽሑፍ ያለው ይሁን፣ የደነደነው ቦታ ላይ ብቻ በመቀቢያ ቀቢ፣ የእግር ቅስት፣ የጣቶች መካከልና የተሰነጠቀ ቦታ አይነካ። ሰዓቱን ስልክሽ ላይ ሙዪና መመሪያው ካለው ደቂቃ በታች አንሺ። ከዚያ ሳፋው ውስጥ መንከር ሳይሆን ንጹሕ ውሃ እያፈሰስሽ አጥቢ፤ ሳፋው ውስጥ ከነከርሽው ጄሉ የተበረዘበት ውሃ ወደ ስስ ቆዳው ይሄዳል። በዚያው ቀን ሌላ አሲድ አትደርቢ። የእግሯን ፀጉር የተላጨች ደንበኛ ካለችም ለሌላ ቀን ቅጠሪያት። በፈረንጆቹ 2000 ካሊፎርኒያ ውስጥ በአንድ ሳሎን የእግር መዘፍዘፊያ ውሃ ምክንያት ከመቶ በላይ ደንበኞች ቅልጥማቸው ላይ እባጭ ወጥቶባቸው ነበር። ገንዳው ውስጥ የውሃ ባክቴሪያ ተራብቷል፣ ቀደም ብለው እግራቸውን የተላጩት ደግሞ በበለጠ ተጎድተዋል። ቆዳው በምላጭም ሆነ በኬሚካል ሲሳሳ በሩ ክፍት ነው።

ጄሉ ካቃጠለ ቢያንስ 20 ደቂቃ በሚፈስ ውሃ እጠቢው። ሎሚ ወይም ኮምጣጤ ጨምሬ ላክሽፈው እንዳትዪ፣ አሲዱና አልካሊው ሲገናኙ ሙቀት ይፈጥራሉ። የጥርስ ሳሙናም፣ እንቁላልም አይቀባም።

ጣቶችሽን በተመለከተ፣ ቀኑን ሙሉ ውሃ፣ ሳሙናና ጄል የሚነካ እጅ መሰንጠቁ አይገርምም። እሑድ ስታርፊ ሻል ብሎት ሰኞ ማታ ከተመለሰ ሥራሽ ነው ያመጣው ማለት ነው። የናይትራይል ጓንት አድርጊ፣ በየደንበኛው ቀይሪ። ጓንቱ ውስጥ ጄል ከገባ ወዲያው አውልቀሽ ታጠቢ፣ ታፍኖ ሲቆይ ይብሳል። ቀለበትሽን ቤት ተዪው። ማታ ቫዝሊን ደህና አድርገሽ ተቀቢ። በዚህ ካልተሻለሽ ወይም ጥፍርሽ ከሥጋው መላቀቅ ከጀመረ አለርት ሆስፒታል ቆዳ ክፍል ታዪ። ጄል ስትቀጂም መነጽር አድርጊ፣ ዓይን ውስጥ ጠብ የሚለው ያኔ ነው። ከገባ ታክሲ ከመፈለግሽ በፊት ዓይንሽን ከፍተሽ ቧንቧ ሥር ግማሽ ሰዓት ያህል እጠቢው፣ ከዚያ በቀጥታ ዓይን ሐኪም ጋ፤ ምኒልክ ሆስፒታል ቅርብሽ ከሆነ እዚያው ሂጂ።