እናትሽን ይዘሽ ዝዋይ ደብረ ጽዮን ከመሄድሽ በፊት የጀልባውን ወረቀት ጨርሺ

«እናቴን ይዤ ከድሬ ተነስቼ ሐይቅ ላይ ያለ ገዳም ማሳለም እፈልጋለሁ፤ ጣና ይሻላል ዝዋይ? ስንት ቀን ይበቃል? ጀልባውስ እንዴት ነው?» ብለሽ ለጠየቅሽው እህቴ። ሁሉም «ጣና፣ ጣና» እያለሽ ነው። ጣናን የሚጠላ የለም። ግን መላሾቹን አየኋቸው፣ አብዛኞቹ ወንዶች ናቸው፣ እናት ይዘውም አልሄዱም። እኔ እናቴን ይዤ ነው የሄድኩት። የእናትሽን ጉልበት አላውቀውም፣ የኔዋን ይመስላል ብዬ ነው የምጽፈው።

ጣናን ቶሎ ልጨርሰው። ዳጋ እስጢፋኖስ፣ ክብራን ገብርኤልና ጣና ቂርቆስ ሴት አያስገቡም። የዐፄ ዘርዓ ያዕቆብና የዐፄ ፋሲል አፅም ያለው ዳጋ ነው። እሱን አያለሁ ብለሽ በሸገር ዞረሽ ባሕር ዳር ድረስ ብትበሪ፣ እናትና ልጅ ታች ቁጭ ብላችሁ ወንዶቹ ተሳልመው እስኪመለሱ ትጠብቃላችሁ። ሴት የሚሳለማቸውም አሉ። ዘጌ ላይ ዑራ ኪዳነ ምሕረት አለች፤ ደቅ ደሴት ላይ እቴጌ ምንትዋብ ያሠሯት ናርጋ ሥላሴ አለች። ናርጋ ግን ከባሕር ዳር በጀልባ የሰዓታት መንገድ ናት። ለሌላ ጊዜ ያዢያት።

የዝዋዩ ደብረ ጽዮን ማርያም ሴት ወንድ አይልም። ያለው ቱሉ ጉዶ ደሴት ላይ ነው። በትውፊት ዮዲት አክሱምን ስታጠፋ ካህናቱ ታቦተ ጽዮንን ይዘው ተሰደው 70 ዓመት ያቆዩት እዚያ ነው። ይህን ለእናትሽ ንገሪያት፣ ከዚያ በኋላ ጣናን አታነሳልሽም። የኔዋ አላነሳችም።

አሁን ወደ ምክሩ።

1ኛ. መንገዱ። ሸገር አትግቢ፤ ምንም አያደርግልሽም። በባስም በባቡርም አዳማ ላይ ውረዱ። ባቡሩን ካሰብሽ የሚነሳበትን ቀን አስቀድመሽ አጣሪ። የድሬ ጣቢያው እንደ ድሮው ከተማው መሃል ከዚራ አይደለም፣ ከከተማ ወጣ ብሎ ነው፣ ስለዚህ በጊዜ ውጡ። ከአዳማ ሞጆ፣ ከሞጆ በመቂ አድርጎ ዝዋይ። ረዳቱ «ባቱ! ባቱ!» ቢል ግቢ፤ ያው ዝዋይ ነው። ያን ዕለት ደሴቱን እደርሳለሁ ብለሽ አታስቢ። ከድሬ የመጣ ሰው ያን ቀን የሚያምረው አልጋ ብቻ ነው። መሄጃ፣ መሳለሚያ፣ መመለሻ፣ በቃ ሦስት ቀን ያዢ።

2ኛ. ጠዋት ግቡ። በጣም ጠዋት። ዝዋይ ሰፊ ሐይቅ ነው፣ ጥልቀቱ ግን በአማካይ 2.5 ሜትር ገደማ ነው። እንዲህ ያለ ውሃ ነፋስ ሲነካው ቶሎ ይረበሻል። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ነፋሱ ይነሳል። ቱሉ ጉዶ ከደሴቶቹ ራቅ ያለው ስለሆነ በመመለሻሽ መሃል ሐይቅ ላይ ነው የሚያገኝሽ። የድሬ ሰው በ1998ቱ የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ ምክንያት ውሃ ሲንቀሳቀስ ሲያይ ሆዱ ይባባል። እማዬ እስከ ዛሬ ክረምት ላይ ሌሊት ዝናብ ከሰማች አትተኛም። እንዲህ ያለች ሴት ይዘሽ ማዕበል ውስጥ መግባት ምን ማለት እንደሆነ አሁን እነግርሻለሁ፤ ምክንያቱም እኛን ማዕበል ውስጥ የከተተን ነፋሱ ሳይሆን ቢሮው ነው።

3ኛ. ክፍያው። እዚህ ላይ አቁሚና ቀስ ብለሽ አንብቢ።

ሐይቁ ዳር የጀልባ ትኬት የሚቆርጥ አንድ ክፍል አለ። ስሙን አልጽፍም። በጠዋት ደረስን። ልጁ ስልኩን እያየ ነው። ቀና ሳይል «የት ነው?» አለኝ። «ደሴት፣ ገዳም ለመሳለም» አልኩት። «ደርሶ መልስ ነው፣ ሙሉ ክፍያ ቅድሚያ» አለ። ከፈልኩ። በደረሰኙ ላይ «ደሴት ደርሶ መልስ» ብሎ ጻፈ፣ ማኅተም መታ። ጀልባው እዚያ ስንት ሰዓት ይጠብቀናል ብዬ ጠየቅኩት። «ሄዳችሁ ታዩታላችሁ» አለኝ። አቦ፣ ይህ መልስ ነው?

ጀልባው ጋ ስንደርስ ባለ ጀልባው ወረቀቱን አየና ሳቀ። «ይሄ እኮ የቅርቡ ደሴት ሒሳብ ነው፣ ጋሊላ ወይ ደብረ ሲና ልውሰዳችሁ፤ ቱሉ ጉዶ ሩቅ ነው፣ ነዳጁ ሌላ ነው» አለ። ሐይቁ ላይ አምስት ደሴት አለ እህቴ። «ደሴት» ብሎ የጻፈልሽ ሰው የትኛውን እንደሆነ ራሱ ይመርጥልሻል። ወደ ክፍሉ ተመለስኩ። ልጁ አሁን ከሌሎች እንግዶች ጋር ነው፤ መኪና ይዘው የመጡ፣ እየሳቀ ያስተናግዳቸዋል። እማዬ ከኋላዬ ምርኩዟን ይዛ ፀሐይ ላይ ቆማለች። ወንበር አለ፣ ቦርሳውን አስቀምጦበታል። ተናገርኩ፣ ድምፄን ከፍ አደረግኩ፣ እውነት ነው። ከዚያ ወደ እሷ ዞሮ «ማዘር፣ ከፈለጋችሁ ጨምራችሁ ሂዱ፣ ካልፈለጋችሁ ተዉት፤ የተከፈለው ግን አይመለስም» አላት። ለኔ ቢለኝ ምንም አልነበረም። ሽማግሌ ሴት፣ ነጠላዋን አጣፍታ ለማርያም የመጣች፣ እንደ ዕዳ ጠያቂ ደጅ ላይ አቆማት። እማዬ «ተይው፣ ጨምሪለት፣ በረከቱን እንዳያስቀርብን» አለች። ጨመርኩ። ለጨመርኩት ደረሰኝ አልሰጠኝም። እስከ ዛሬ ሲነሳብኝ ያንገበግበኛል።

ይህ ሁሉ ሲሆን ጠዋቱ አልቋል። ባለ ጀልባው ደግሞ መንገድ ላይ «ጉማሬ ላሳያችሁ» ብሎ ዞረ። አየን። ጉማሬ ነው፣ ጆሮና አፍንጫ ነው የሚታየው። ማን ጠየቀህ? ያ ጊዜ ከኛ ሰዓት ላይ እንደሚቀነስ ያወቅነው ስንወርድ ነው። ደሴቱ ዳር አውርዶን «አንድ ሰዓት» አለ። አንድ ሰዓት! ከውሃው እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ዳገት ነው። እኛ የቁልቢ ሰዎች ነን፣ መኪና ደጁ ድረስ የሚያደርሰን፤ እናትሽም እንደዚያ መስሏት ይሆናል፣ ከወዲሁ ንገሪያት። እማዬ አሥር እርምጃ ሄዳ ታርፋለች። ትከሻዬን ብሰጣት እምቢ አለች፣ ማንም ሳይደግፋት ወጣች። ይህን ጎረቤት ሁሉ ሰምቶታል፣ አንቺም ስሚው።

ላይ ስንደርስ ቁልፍ የያዙት አባት የሉም። እርሻ ላይ ናቸው፣ ልጅ ተላከባቸው። እስኪመጡ ጠበቅን። በዚህ መሃል ከታች ፉጨት ይሰማል። የኛ ሰውዬ ነው። እማዬ ምን አለች መሰለሽ? «ያፏጭ፣ ወፍ ነው ብለሽ እለፊው።»

ስንወርድ «ማቆያ» ብሎ ሌላ ብር ጠየቀ። ካልከፈልኩ አላነሳም አለ። ውሃ መሃል ያለ ደሴት ላይ ቆመሽ ምን ትከራከሪያለሽ? ከፈልኩ። ከዚያ ነፋሱ መጣ። ውሃው ጀልባው ውስጥ እየገባ የእማዬ ነጠላ በሰበሰ፤ ጀልባው ከፍ ዝቅ ባለ ቁጥር «ጽዮን፣ ጽዮን» ትላለች፣ እጄን ጨምቃ ይዛ ጥፍሯ ገብቶብኛል። የሕይወት አድን ጃኬት ነበረው፤ ከመቀመጫው ሥር ታስሮ!

ስለዚህ እንዲህ አድርጊ። «ደሴት» አትበይ፤ «ቱሉ ጉዶ፣ ደብረ ጽዮን» ብለሽ ስሙን በደረሰኙ ላይ አጽፊ። የሚቆይበትን ሰዓት አጽፊ፤ እናት ካለች ከሦስት ሰዓት በታች አትቀበዪ። ከዚያ በላይ ከቆየ የሰዓቱ ሒሳብ ስንት እንደሆነ እዚያው ወረቀት ላይ ይስፈር። ግማሹን ስትሄጂ፣ ግማሹን ስትመለሺ ክፈዪ። እምቢ ካሉ ሌላ ባለ ጀልባ አለ፣ አንድ ሰው ብቻ አይደለም የሚሠራው። ጃኬቱን ከመነሳታችሁ በፊት ልበሱ። ጉማሬውን ስትመለሺ አሳየኝ በይው፣ ጊዜ ከተረፈ። ከኔ በኋላ ከሰፈራችን የሄዱትን ሁሉ በዚህ መንገድ ነው የላክኋቸው፤ አንዳቸውም የማቆያ አልከፈሉም። እኔ በከፈልኩት ሰፈራችን ሳቢያን በሙሉ ተጠቅሟል።

ዋጋውን ጠይቀሻል፣ አልነግርሽም። እኔ የከፈልኩት ዛሬ የለም፤ ብነግርሽ ያንን ይዘሽ ትከራከሪና ትጣያለሽ።

4ኛ ብዬ የጀመርኩት ስለ አለባበስ ነበር፣ ግን እናትሽ ከኔ በላይ ታውቃለች፣ እለፊው። ይልቅ ስለ ሰዎቹ ልንገርሽ፣ ምክንያቱም ያን ሁሉ ብር ያስረሳኝ እሱ ነው። ደሴቶቹ ላይ የሚኖሩት ዛዮች ናቸው። ዳገቱን በድንጋይ እርከን አስረው ያርሳሉ፣ ዓሣ ያጠምዳሉ። የራሳቸው ቋንቋ አላቸው፤ ዛይኛ ከሐረሪና ከስልጤ ጋር አንድ ቤተሰብ ነው። እኔ ይህን አላውቅም ነበር። እማዬ ሐረር ፈረስ መጋላ አካባቢ ነው ያደገችው፣ ከሐረሪ ጎረቤቶቿ ጋር ልጅነቷን ሙሉ አብራ በልታለች፣ ቋንቋውን ትሰማለች። አባን ስንጠብቅ ሁለት ሴቶች አጠገባችን ሲያወሩ ጆሮዋን አቀናች። «እነዚህ የኛ አገር ሰዎች ናቸው እንዴ?» አለችኝ። ሁሉንም አልገባትም፣ ግን አንድ አንዱን እየያዘች ጠየቀቻቸው፣ እነሱም ተገርመው ቀረቡ፣ ወዲያው ዘመድ ሆኑ። አንድ ሽማግሌ መጥተው ከየት እንደመጣን ጠየቁ። «ከሐረር» ስትላቸው «እንዴ! እኛን ውሃ መሃል ያስቀመጠን እኮ የናንተ አገር ሰው ነው» ብለው ሳቁ። በ16ኛው ክፍለ ዘመን በሐረሩ ኢማም አህመድ (ግራኝ) ጦርነት ጊዜ ከየብስ የሸሸ ክርስቲያን ወደ ደሴቶቹ እንደገባ ይነገራል፤ እሱን ማለታቸው ነው። እማዬም አላለፈቻቸውም፣ «ታዲያ ይኸው ይቅርታ ልንጠይቅ መጣን» አለች። ሳቁ እስከ ታች ተሰምቶ ይሆናል፣ ፉጨቱ ለጥቂት ጊዜ ቆሞ ነበር።

አባ ሲመጡ እጅግ ትሑት ሰው ናቸው። ስላዘገየናችሁ ይቅር በሉኝ አሉ፣ ከመስክ ነው የመጡት፣ እግራቸው ላይ ጭቃ አለ። ያንን ወንበሩን ለቦርሳው የሰጠውን ልጅ አስታወስኩና አዘንኩ። በብራና የተጻፉትን መጻሕፍት አሳዩን። ስንክሳር አለ፣ ገድላት አሉ። በእጅሽ አትንኪ፣ ፎቶ ከማንሳትሽ በፊት ጠይቂ፣ በፍላሽ ደግሞ በፍጹም። እናትሽ መሳም ከፈለገች እሳቸው ያቀርቡላታል። ስትሰጪ ለእሳቸው በእጅ ሳይሆን ለቤተ ክርስቲያኑ ስጪና ደረሰኝ ተቀበዪ፣ ራሳቸውም የሚወዱት እንደዚያ ነው።

ኅዳር 21 ጽዮን ናት፣ በዚያ ቀን እንሂድ ልትልሽ ትችላለች። ታኅሣሥ 19 ቁልቢን ያየ ሰው ሕዝብ አያስፈራውም፣ ግን ቁልቢ ላይ ሰው ሲበዛብሽ በእግርሽ ትመለሻለሽ፣ እዚህ ጀልባ ወረፋ ትይዣለሽ። በዓሉን ድሬ አክብሩና በአዘቦት ቀን ሂዱ። በክረምትም አልመክርሽም፣ ዳገቱ ያንሸራትታል።

ምግብ ከከተማው ይዛችሁ ግቡ፣ ውሃም፤ ዓሣውን ከደሴቱ ስትመለሱ ሐይቁ ዳር ትበያለሽ፣ ጾም ካልሆነ። ቆሮሶ ጥብስ በይ። ብርም በጥሬው ያዢ፣ ዝርዝር ይኑርሽ። ለእናትሽ ሁለት ነጠላ ያዢላት፣ አንዱ ለጀልባ አንዱ ለቤተ ክርስቲያን። ስትመለሺ ደግሞ የማቆያ ስንት እንዳሉሽ ጻፊልኝ፣ አሁን ስንት እንደገባ ማወቅ እፈልጋለሁ።